ማሳጅ ተደርጌ አላውቅም፤ ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ፤ ምን ልወቅ?

ሰላም ለዚህ ቤት። ይህን ጥያቄ ከመጻፌ በፊት ሁለት ቀን አቅማምቻለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ እኛ ክፍል ፀሐይ መቼ እንደወጣች መቼ እንደጠለቀች አይታወቅም። ዘንድሮ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መባቻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ነው የከረምኩት። ሒሳቡ ተዘጋ፣ ማጅራቴ ግን እንደተገተረ ቀረ። በቀኝ ትከሻዬና በአንገቴ መሐል ጣቴን ሳሳርፍ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቋጠሮ ይዳሰሰኛል፤ ጫን ስለው ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ኋላ ድረስ ይሄዳል።

የክፍሌ ልጆች አዋጥተው የአንድ ሰዓት ማሳጅ የስጦታ ካርድ ገዙልኝ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ልብስ እስከ ምን ድረስ ነው የሚወልቀው? የሚያሸኝ ወንድ ነው ሴት? ያማል ወይ? እያወሩ ነው ዝም ብሎ? ማተቤን ከአንገቴ አውልቄ አላውቅም፤ አውልቂ እባላለሁ ወይ? ለእናቴ እንዳልነግራት ማሳጅ የሚለውን ቃል ስትሰማ ከንፈሯን ነው የምትመጠው። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ከላይ ያለው የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነው። የውይይቱ ክር አሁን ከሃያ ምላሽ ስላለፈና አዲስ የሚገባ ሰው መነሻውን እያጣ ስለተቸገረ፣ የተባለውን ሁሉ በቁጥሩ ቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ምላሽ 1፦ በየወሩ የምትሄድ ሴት ናት። እህቴ እያለች፣ እጄን ይዛ ከክፍል ክፍል የምታዞረኝ ያህል አስረዳችኝ። ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ቀደም ብዬ እንድደርስ፣ ስልኬን እንድዘጋ መከረችኝ። ሪሴፕሽን ላይ ቅጽ ይሰጣሉ፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ በቅርብ የተደረገ ቀዶ ጥገና፣ አለርጂ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ይጠየቃል። ቅጽ የሌለው፣ በቃልም ምንም የማይጠይቅ ቤት ከሆነ ግን ካርዴን ይዤ እንድመለስ ነው የነገረችኝ። ክፍሉ ውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ በአፍ ጢም ተደፍቶ ለመተንፈስ እንዲመች አልጋው ራስጌው ላይ ለፊት የሚሆን ቀዳዳ አለው። ባለሙያዋ ምን እንደሚያመኝ ጠይቃኝ ትወጣለች፤ እኔ ልብሴን አውልቄ አንሶላ ውስጥ እገባለሁ፤ እሷ ስትመለስ አንኳኩታ፣ ፈቃድ ጠይቃ ነው። የውስጥ ልብስ ማውለቅ ግዴታ አይደለም። የሚገለጠው የሚታሸው ቦታ ብቻ ነው፤ ቀኝ እግር ሲሠራ ግራው እንደተሸፈነ ነው። በጀርባዬ ስገለበጥ አንሶላውን በመካከላችን ከፍ አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። ይህቺን የመጨረሻዋን ሳነብ ነው ትከሻዬ ትንሽ ወረድ ያለው።

ምላሽ 2፦ አጭር ናት። ከመሄዴ በፊት ጠግቤ እንዳልበላ፣ ሐብልና ጉትቻ ቤት ትቼ እንድሄድ፣ ሹሩባ ከተሠራሁ በሻሽ እንድጠቀልለው፣ አለዚያ ዘይቱ የፀጉሬን ዳር እንደሚነካው ጻፈች። ማተቡን በተመለከተ ራሷም አውልቃ አታውቅም፤ አስቀድማ ትናገራለች፣ ባለሙያዋ አንገቷን ስትሠራ በአንድ ጣት ወደ ጎን ገፋ ታደርገዋለች። ለአንድ ሳምንት ያስጨነቀኝ ነገር በሁለት መስመር አለቀ።

ምላሽ 3፦ ጎጃም የተወለደ ሰው ነው፤ ነገሩን ሁሉ የገንዘብ ብክነት አድርጎ ነው ያየው። እሱ ልጅ ሳለ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ወጌሻ በአንድ ጊዜ መልሶለታል፤ ወገብ የቆረጠመው ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ በለጋ ቅቤ ይታሻል፤ በዚህ ያልዳነ ሰው አያውቅም። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩን በሞቀ ውኃ ታጥቦ፣ ከጣቱ እስከ ጉልበቱ ታሽቶ፣ ጉልበቱ ተስሞ ይተኛ እንደነበር አስታወሰን፤ እኛ ይህን ጥለን ሽቶ ለሚረጭበት ክፍል የምንከፍል ሆንን ብሎ ተቆጣ። እግር ማጠቡን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አያቴ የአባቴን እግር ስታጥብ አይቻለሁ፤ ተረከዙን በሁለት አውራ ጣቷ ይዛ ወደ ላይ ስትስበው አባቴ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

ምላሽ 4፦ የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። የጻፈችው ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ለ3 ቁጥር ሰው ጥርሷን ነክሳ መለሰችለት። ወጌሻ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ደም መተላለፊያ አጥቶ እጁ የጠቆረ ልጅ በዓይኗ አይታለች፤ ልጁ በመጣ በማግስቱ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ። ዕድሜው ሰባት ነበር። የወላጆቹ ጥፋት ማመናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ያልዳነ ሰው አላውቅም የሚለውን አነጋገር እንዲያነሣ አሳሰበችው፤ ያልዳኑት እሱ ዘንድ ሳይሆን እሷ ዘንድ ነው የሚመጡት።

ምላሽ 5፦ 3 ቁጥር ተመለሰ፤ ተጎድቷል። እሱ ስለ ማሸት እንጂ ስለ ስብራት እንዳላወራ፣ የተማረ ሰው ሁሉ የአገሩን ዕውቀት ለመስደብ እንደሚቸኩል ጻፈ። ቁርጭምጭሚቱን ግን ራሱ ያነሣው እሱ ስለነበር መከራከሪያው አልጸናለትም።

ምላሽ 6፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክርክሩን ትታ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ አንብቡ ብባል ይህን ነው የምለው። ከቀጠሮዬ በፊት ራሴን እንድመረምር ጥያቄ ሰጠችኝ። ሕመሙ ከትከሻ አልፎ ወደ ክንድና ወደ ጣት ይወርዳል? እጄ ይደነዝዛል፣ ይነዝረኛል? ሲኒ ከእጄ ያመልጠኛል? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ነው? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ አለ? ወድቄ ወይም መኪና ገጭቶኝ ነበር? ከነዚህ አንዱ ካለ ማሳጁ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየኝ። ምክንያቷንም ነገረችን፤ ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ አከርካሪም ውስጥ ይገባል፤ ወራት የቆየ የጀርባ ሕመም በኛ አገር ሲታይ ይህ መዘንጋት የለበትም። በቲቢ የተበላ አከርካሪ ላይ ኃይለኛ ጫና ማድረግ አጥንቱን ሊያደቅቀው፣ ሰውን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ፣ አጥንቱ የሳሳ፣ ቆዳው ላይ ቁስል ወይም ሽፍታ ያለበት፣ ትኩሳት ያለው ሰውም መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

ምላሽ 7 የኔ ነው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አይቼ የለብኝም አልኩ። እንግዲያው በሰላም ሂጂ፣ ግን አንገትሽን ጠምዝዞ ሊያንቋቋሽ የሚሞክር ካለ እንቢ በዪ የሚል ምክር በዚያው ሰዓት ጨመረችልኝ። አንገትን ቀጭ ማድረግ የማሳጅ ሥራ አይደለም።

ምላሽ 8፦ ቦሌ አካባቢ ሆቴል ውስጥ በማሳጅ ሙያ የምትሠራ ልጅ ናት። ከብዙ ዓይነት ማሳጅ የትኛውን እንደምመርጥ አስረዳችኝ። ስዊድሽ የሚባለው ዘይት ተቀብቶ፣ በረጃጅምና ለስላሳ እጅ ዳበስ ዳበስ እያለ የሚሄድ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ዲፕ ቲሹ በዝግታ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ በክርንም ጭምር የሚሠራ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን አትመክረውም። የጋለ ድንጋይ የሚጠቀምም አለ። ለኔ ያለችው ግን ሙሉ ሰውነት ከምባል ሰዓቱን በአንገት፣ በትከሻ፣ በክንድና በላይኛው ጀርባ ላይ እንዲያውሉልኝ ገና ስገባ እንድናገር ነው። ስልሳ ደቂቃ ለመላ ሰውነት ሲከፋፈል ለአንገት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ጫናውን ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር እንድሰጠው፣ አምስት ወይም ስድስት ላይ እንዲቆይ፣ ትንፋሼን መያዝ ወይም ጥርሴን መንከስ ከጀመርኩ ከልክ አልፏል ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ዝም ማለት ይቻላል፣ ማውራት ይቻላል። ደንበኛ እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ ደስ ይላታል፤ ሰውነቱ እንዳመናት ያሳያልና።

ምላሽ 9፦ ታሪክ የሚወድ ሰው ገባ። ስዊድሽ የተባለበት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1776 እስከ 1839 የኖረው ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ነው ተብሎ ይነገራል፤ እሱ ግን ይበልጥ የጂምናስቲክ ሰው ነበር፣ በ1813 ስቶክሆልም ውስጥ የጂምናስቲክ ተቋም ያቋቋመ። ዛሬ ተማሪዎች የሚያጠኑትን የማንሸራተት፣ የመለወስና የመደብደብ አከፋፈል በስርዓት ያስቀመጠው ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ዮሃን ጌዮርግ ሜትስገር እንደሆነ ጽፏል። ኑዋድ ታይ የሚባለው የታይላንድ ባህላዊ ማሳጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ እሱ ልብስ ተለብሶ፣ ያለ ዘይት፣ ምንጣፍ ላይ የሚደረግ ነው። ልብስ ማውለቅ በጣም ለሚከብደው ሰው ይህኛው እንዳለ ማወቁ ጥሩ ነው።

ምላሽ 10፦ አንዲት ባለትዳር የኔኑ ጥያቄ ደገመች፤ ወንድ ቢመጣብኝስ? ባሏ ወንድ ካሸሽ ወደ ቤት እንዳትመለሺ ብሏታል።

ምላሽ 11፦ የመለሰችላት ደሴ ያደገች ሙስሊም እህት ናት፤ በእርጋታ። ቀጠሮ ስትይዝ ገና በስልክ ሴት ባለሙያ እንደምትፈልግ ትናገራለች፤ እዚያ ስትደርስ ደግሞ ሪሴፕሽን ላይ ትደግመዋለች። አንድ ጊዜ ሴቷ ቀርታ ወንድ ሊተኩላት ሲሉ ሒጃቧን ሳታወልቅ ወጥታለች፤ ማንም አልተቆጣትም፣ ቀጠሮዋን ለሌላ ቀን አዛወሩላት። መምረጥ የደንበኛ መብት ነው፤ ምክንያት መስጠትም አያስፈልግም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደውዬ ሴት እንድትሆንልኝ አልኩ። ልጅቷ እሺ ለማለት ሦስት ሰከንድ እንኳን አልፈጀባትም።

ምላሽ 12፦ ይህን በዝርዝር አልተርከውም። አንድ ሰው ማሳጅ ቤት ሁሉ አንድ ነው፣ ጨዋ ሴት እዚያ አትገባም፣ የምትሠራዋም ምን እንደሆነች ይታወቃል የሚል ነገር ጽፎ ሄደ። በማሳጅ ስም ሌላ ንግድ የሚነግዱ ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ መኖራቸውን ማንም አይክድም። እናቴ ከንፈሯን የምትመጠውም በዚህ ነው። ግን እሱ የጻፈው ስለ ቤቶቹ አልነበረም፣ ስለ ሴቶቹ ነበር።

ምላሽ 13፦ የቦሌዋ ባለሙያ መለሰችለት። ረጅም ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስድስት ወር ተምራለች፤ የጡንቻና የአጥንት ስም በቃሏ ይዛ ነው የተፈተነችው። በቀን አምስት ሰው ትሠራለች፤ ማታ የአውራ ጣቷ መገጣጠሚያ ስለሚያብጥ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እጇን ነክራ ትቀመጣለች። ጣቷ እንዲቆይላት በክንዷ መሥራት ተምራለች። አከራዮቿ ሆቴል ውስጥ እንደምትሠራ ነው የሚያውቁት፤ ሥራዋን በስሙ ጠርታ አታውቅም። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ በሰዓቱ ማብቂያ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ጠቅሶ ሌላ ነገር ጠየቃት። እጇን አነሣች፣ በሩን ከፈተች፣ ልብሱን እንዲለብስ ነገረችው፣ ለኃላፊዋ አመለከተች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ፎጣ እያጠፈች እጇ ሲንቀጠቀጥ ቀጣይዋ ደንበኛ ደረሱ፤ ወገባቸውን ያመማቸው አሮጊት ነበሩ፤ ገብታ ሠራችላቸው። ለ12 ቁጥር የጻፈችለት የመጨረሻ ነገር፣ ያቺ ሰዓት ላይ የተንቀጠቀጠው እጅ የሷ እንጂ የሰውየው አለመሆኑን እንዲያስብበት ነበር።

ምላሽ 14 የኔ ነው፤ አመሰገንኳት። 12 ቁጥርም ይቅርታ እንዲጠይቃት ጻፍኩ። አልተመለሰም።

ምላሽ 15፦ ቨርጂንያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት፣ እሷም በዚሁ ሙያ የምትሠራ። እዚያ ቢያንስ የ500 ሰዓት ትምህርት ሳይጨርሱ፣ ፈተና ሳያልፉ፣ ከስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ ሳያወጡ ማሸት አይቻልም። ደንበኛ ፈቃዱን ላሳይሽ ሳይባል ራሱ የመጠየቅ ልማድ አለው። አዲስ አበባም ብንሆን የት ተማርሽ ብሎ መጠየቅ ስድብ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የተማረችን ሰው እንደሚያስደስታት ጻፈች። ቲፕ በነሱ አገር ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ እዚህ ግን እንደ አቅም ነው ብለው ሌሎች አረሟት። የቦሌዋ ልጅ አንዲት መስመር ብቻ ጨመረች፤ ቲፑ ሪሴፕሽን ላይ ከሚሰጥ በእጅ ቢሰጥ እንደሚሻል።

ምላሽ 16፦ ከዓረብ አገር የጻፈች ልጅ ከርዕሱ ወጣ አለች፣ ማንም ግን አላስቆማትም። ቤት ሠራተኛ ናት። የማዳሟ እናት ማታ ማታ እግራቸውን በወይራ ዘይት ካላሸችላቸው አይተኙም፤ ቀኑን ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ የዋለችው ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ወለል ላይ ተንበርክካ የሰው እግር ታሻለች። ሳትማር ለምዳዋለች፤ የትኛው ጣት ሲሳብ እንደሚያስተኛቸው ታውቃለች። እሷን አንድም ሰው አሽቷት አያውቅም። አገሯ ስትገባ ከመጀመሪያው ገንዘቧ አንድ ሰዓት ማሳጅ እንደምትከፍል፣ የትኛው ቤት እንደሚሻል እንድንነግራት ጠየቀች። የቦሌዋ ባለሙያ በውስጥ መስመር አድራሻዋን እንደምትልክላት፣ ያቺ ቀን ስትመጣ ክፍያ እንደማትቀበላት ጻፈችላት። ይህን ሳነብ ቢሮ ነበርኩ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ምላሽ 17 እና 18፦ ወሬው ወደ ፍልውሃ ሄደ። አንድ አባወራ ለወገብና ለአንገት ከፍልውሃ የሚበልጥ የለም አሉ፤ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸው፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው የሰየሟትን ከተማ ያስቆረቆራቸው ይኸው ሙቅ ውኃ መሆኑን አስታወሱ። ሌላው ሶደሬን፣ ሌላው ወንዶ ገነትን እያነሡ ተከራከሩ። ለጥያቄዬ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው፦ ከማሳጁ በፊት ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ወይም ጥቂት ደቂቃ ስቲም (የእንፋሎት ክፍል) መግባት ጡንቻን ያላላል፤ ልብ የሚያመው፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ እርጉዝ የሆነች ግን ስቲሙን ይተዉት።

ምላሽ 19፦ አንዱ ማሳጅ ከሰውነት መርዝ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሊትር ውኃ ካልጠጣሽ መርዙ ተመልሶ ይሰራጫል፣ በማግስቱ የሚያመውም መርዙ ሲወጣ ነው ብሎ አስፈራራኝ።

ምላሽ 20፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ተመለሰች፤ አሁንም ቆጣ ብላ። ደም የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት እንጂ የማሳጅ ባለሙያ እጅ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ የሚፈጥረው ላክቲክ አሲድ የሚባለውም ስፖርት ከተሠራ በኋላ ማንም ሳያሸው በራሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። በማግስቱ የሚሰማው ሕመም ያልለመደ ጡንቻ በመነካቱ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ካለፈ ወይም ቆዳው ከበለዘ ጫናው በዝቶ ነበር ማለት ነው። ውኃ ጠጪ፣ ከጠማሽ። 19 ቁጥር የሆነ ቦታ ያነበበውን ነው ያለው፤ ልጁን በዚያ ድምፅ መናገሯን አልወደድኩትም፣ ያለችው ግን ትክክል ነው።

ምላሽ 21፦ የሰባት ወር እርጉዝ እህት እሷም መሄድ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ሐኪሟ ከፈቀደላት ትችላለች ተባለች፤ ግን የእርጉዝ ማሳጅ የተማረች ባለሙያ ዘንድ፣ በጎኗ ተኝታ፣ በጉልበቶቿ መሐል ትራስ ተደርጎ። በዚህ ወር በጀርባ ለረጅም ጊዜ መተኛት ማሕፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ ደም ሥር እንዲጫን ያደርጋል፣ ያዞራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በደማቁ ተጻፈላት፦ አንደኛው ባት ብቻ ካበጠ፣ ከጋለና ካመመ በጭራሽ እንዳይታሽ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ይደርሳል። ያኔ የሚኬደው ሆስፒታል ነው። በእርግዝናና በአራስነት ይህ እንደሚበዛ አላውቅም ነበር። በምጥ ላይ ያለችን ሴት ሆድ ማሸትም እንዲሁ አደገኛ እንደሆነ አንዲት ነርስ አከለችበት።

ምላሽ 22፦ በፍልሰታ በዘይት መታሸት ጾም ይገድፋል ወይ የሚል ጥያቄ መጣና ብዙ ሰው ተራወጠበት። የንስሐ አባትን መጠየቅ ይሻላል በሚለው አለፍነው።

ምላሽ 23፦ እንግዲህ ሄጄ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ዝናብ ነበር፤ ጫማዬ ረጥቦ ነው የገባሁት። ቅጹን ሞላሁ። ሴት ናት የሠራችልኝ፤ በዕድሜ ከኔ ታንሳለች። ማተቤን ነገርኳት፤ ጣቷን ዘይት ከመንካቷ በፊት ክሩን ወደ አገጬ አካባቢ ሰብሰብ አደረገችው። ስታንኳኳ አንሶላውን እስከ ጆሮዬ ስቤ ነበር የጠበቅኳት። መጀመሪያ ምንም ሳታደርግ ሁለት መዳፏን በአንሶላው ላይ ጀርባዬ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች፤ ሙቀቱ ጨርቁን አልፎ ገባ። ከዚያ ዘይቱን በእጇ አሙቃ ጀመረች።

ባቄላዋን ሳልነግራት አገኘቻት። አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ዝም አለች፤ ማሸት ሳይሆን መጠበቅ ነበር። ሕመሙ እንደለመደው ወደ ጆሮዬ ኋላ ወጣ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ለዘብ አድርጊው ልል ፈልጌ ድምፄ አልወጣም። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ እሷ ባለሙያ ናት፣ እኔ ማን ነኝ የሚል ነገር አፌን ያዘው። ከዚያ 8 ቁጥር ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ትንፋሽ ከያዝሽ ከልክ አልፏል። ሰባት ነው፣ ወደ አምስት አውርጂልኝ አልኩ። ወዲያው ቀነሰች፤ በረጅሙ እንዳስወጣ ነገረችኝ፤ ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ከጣቷ ሥር የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማኝ። ለሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ሲያሳምመኝ ቀንስ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ስናገር ደግሞ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ሲያልቅ ተነሺ አላለችኝም። መጀመሪያ በጎኔ እንድዞር፣ ከዚያ እግሬን አውርጄ ጥቂት እንድቀመጥ ነገረችኝ፤ ተኝቶ የቆየ ሰው በድንገት ሲነሣ ያዞረዋል። አንገቴን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ፤ እናቴ ብርድ ይመታሻል የምትለውን ለማክበር። እሑድ ሙቀጫ ስወቅጥ የዋልኩ ያህል ትከሻዬ ከበደኝ። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሒሳብ ሲያቀብለኝ ሙሉ በሙሉ ዞሬ ተቀበልኩት። ቋጠሮው አልጠፋም፣ አንሷል። ስክሪኔን ወደ ዓይኔ ከፍታ ካላነሣሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ካልተነሣሁ ተመልሶ እንደሚመጣ ያሸችኝ ልጅ አስጠንቅቃኛለች፤ አሁን ስክሪኔ በሦስት የሒሳብ መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ለእናቴም ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች፤ ማታ ግን ጉልበቷን ይዛ እዚያ ያሉት ልጆች ጉልበትም ይሠራሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ምላሽ 24፦ ሳይታሰብ 3 ቁጥር ተመልሶ መጣ። የኔን ካነበበ በኋላ ይመስለኛል። እናቱ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ ጀርባቸው ጎብጧል፣ ከመንደር አምጥቷቸው አብረውት ነው የሚኖሩት። ሌሊት እግራቸውን ይቆረጥማቸዋል። እሱ በቅቤ ያሻቸዋል፤ ግን እጁ የሚጠነክርባቸው ይመስለዋል፣ እሳቸውም ልጄን አላስቀይምም ብለው ዝም ይላሉ። ጥያቄውን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነው በቀጥታ ያቀረበው፤ እርስዎ እያለ።

ምላሽ 25፦ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ መለሰችለት። የጎበጠ ጀርባ የአጥንት መሳሳት ሊሆን ስለሚችል አከርካሪያቸው ላይ ምንም ጫና እንዳያደርግ፣ መጀመሪያ ሐኪም እንዲያያቸው ነገረችው። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ውኃው መሞቁን የእናቱን እግር ሳይሆን የራሱን ክርን ነክሮ ይለካ፤ የጋለ ድንጋይ የሚባል ነገር አይጠጋቸው። በጣቶቻቸው መሐልና በተረከዛቸው ላይ ቁስል እንዳለ በየማታው በብርሃን ይይ፤ ቁስል ካለ አይሽ። ከሌለ፣ ባታቸውም ካላበጠ፣ በመዳፉ ብቻ፣ ሕፃን እንደሚያሽ አድርጎ፣ ከእግር ጣት ወደ ጉልበት። ቅቤውን መተው የለበትም፤ በጣቶቹ መሐል ብቻ እንዳይቀር ይጥረገው። የእናቱን ስኳር መጠን እንዲለካና ቁጥሩን እዚሁ እንዲጽፍላት ጠይቃዋለች፤ እስካሁን አልጻፈም፣ እየጠበቅን ነው።